መዝገቡ ማን እጅ ነው?

(ባለፈው እሁድ ለወጣት አባሎቻችን የቀረበ ንግግር ነው። መምጣት ላልቻላችሁ እንዲደርሳችሁ በጽሑፍ አውጥተነዋል። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታግሳችሁ አንብቡት፣ ለጓደኞቻችሁም ሼር አድርጉት።)



ዛሬ ስለ አድዋ እንድናገር ነበር የተጠየቅኩት። ስለ አድዋ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ፤ በየዓመቱ የካቲት 23 አብረን እንወጣለን። እኔ ግን ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለ ኪሳችሁ ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ስላለው ስልክ፣ ስልኩ ውስጥ ስላለው ገንዘብ። አድዋም መንገዳችን ላይ ትመጣለች፣ አትስጉ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። እጅ አታውጡ፣ በሆዳችሁ መልሱ። በ2016 ክረምት ሃምስተር ኮምባትን ታፕ ያላደረገ ማነው?

አያችሁ፣ ሳቃችሁ። ያን ክረምት ታስታውሱታላችሁ። ታክሲ ውስጥ፣ ዶርም ውስጥ፣ ቤት ቡና እየተፈላ እንኳ ጣት ስክሪን ላይ ነበር። ጨዋታው ቴሌግራም ላይ የወጣው መጋቢት 2016 ነው፤ በጥቂት ወር ውስጥ ባለቤቶቹ 300 ሚሊዮን ተጫዋች አለን ማለት ጀመሩ። ከዚያ በፊት ኖትኮይን ለአንዳንዱ ልጅ ደህና ገንዘብ ሰጥቶ ስለነበር፣ "ይሄኛውማ ቤት ያሠራል" ተባለ። ስልኩን ቻርጅ እያደረገ ሌሊቱን ሙሉ የነቃ ልጅ አውቃለሁ። ቀኑም ደረሰ። ቶክኑ ገበያ ላይ የወጣው መስከረም 16 ቀን 2017 ነው። የደመራ ዕለት! አደባባዩ ላይ ችቦ ሲለኮስ፣ ልጆቻችን ስልካቸው ላይ አፍጥጠው ነበር። ዋጋው ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ተነሥቶ ወዲያው ቁልቁል ወረደ። ወራት ሙሉ ታፕ ያደረገው አብዛኛው ልጅ እጁ ላይ የቀረው ጥቂት ዶላር ነው።

እኔ ከእናንተ አልሻልም። ይሄን ስል የሚስቅብኝ ካለ ይሳቅ። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ጓደኛዬ ባሳየኝ አፕ ላይ 14 ሺህ ብር አስገባሁ። "በክሪፕቶ ይነግዱልሃል" ነው የተባልኩት። በየቀኑ ቁጥሩ ይጨምራል። 14 ሺሁ 19 ሺህ ሆነ፣ ከዚያ 23 ሺህ። ላወጣ ስል "መጀመሪያ ግብር ክፈል" አሉኝ። ከፈልኩ! ኧረ ከፍያለሁ። በሳምንቱ አፑም፣ የቴሌግራም ግሩፑም፣ "ማናጀር ነኝ" እያለች የምታወራኝ ልጅም የሉም። ለባለቤቴ የነገርኳት ከስድስት ወር በኋላ ነው።

ለማን አቤት ልበል? የት ሄጄ? ገንዘቤን የመዘገበው ሰው ማን እንደሆነ፣ የት አገር እንደሚኖር እንኳ አላውቅም። ያን ጊዜ ነው ይቺ ጥያቄ ጭንቅላቴ ውስጥ የገባችው፦ መዝገቡ ማን እጅ ነው?

ትልልቆቻችን "ይሄ ትውልድ ሳይሠራ መብላት ይፈልጋል" ይሏችኋል። ግማሹን ነው የሚያዩት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፤ ዓመት ሲሞላው ከ130 በላይ ሆነ። አምስት ዓመት ደሞዙን ቆጥቦ ላፕቶፕ ሊገዛ የነበረ ልጅ፣ ባንክ ያስቀመጠው ቁጥር ሳይቀንስ ላፕቶፑ ግን ሸሸበት። ይህ ልጅ ገንዘቡ የማይቀልጥበት ቦታ ቢፈልግ ስንፍና አይደለም። መፈለጉ ትክክል ነው። ጥያቄው ያገኘው ቦታ ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው።

በእኛ መካከል ደግሞ ሌላ ወሬ አለ። "ብር ሰንደቃችን ነው፣ ክሪፕቶ የባዕድ ነው፣ አለቀ" የሚል። እኔ በዚህ አልስማማም። ማለቴ፣ ብር ሰንደቃችን መሆኑን እቀበላለሁ። ግን የራሳችን ገንዘብ እንዲህ በቀላሉ የተገኘ የሚመስለው ሰው ታሪኩን አላነበበም። ትንሽ ታገሱኝና ልንገራችሁ።

አያቶቻችን ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ በሚመጣ አሞሌ ጨው ይገበያዩ ነበር። ለትልቁ ግብይት ደግሞ ማሪያ ቴሬዛ ነበረች። የኦስትሪያ ገዥ ናት፤ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ሞታም፣ ያው 1780 የሚል ዓመት ተጽፎባት እየተመታች ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በኛ ገበያ ዞረች። ገበሬው በደረቷ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች እየቆጠረ እውነተኛዋን ከሐሰተኛዋ ይለይ ነበር። "ብር" የሚለው ቃላችን ራሱ የማዕድኑ ስም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በራሳቸው መልክ ብር አስመቱ፤ 1887 ዓ.ም. የሚል ተጽፎበት ፓሪስ ነው የተመታው። ገበያው ግን አሁንም ማሪያ ቴሬዛን ነበር የሚያምነው።

ይኸው አድዋ መጣች። በአድዋ ድል በአሥረኛው ዓመት፣ በ1898፣ የመጀመሪያው ባንካችን አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። የአቢሲኒያ ባንክ። ስምምነቱ የተፈረመው በእንግሊዞች ተጽዕኖ ሥር ከነበረው የግብፅ ናሽናል ባንክ ጋር ነው፤ ለ50 ዓመት፣ ገንዘብ የማውጣት መብት ጭምር። በጦር ሜዳ ማንም ያልነካን ሰዎች፣ መዝገባችን በሌላ እጅ ነበር። ቀኃሥ ባንኩን ገዝተው የኢትዮጵያ ባንክ ያደረጉት በ1923 ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። ሙሶሊኒ ሊወረን ሲዘጋጅ የማሪያ ቴሬዛን መምቻ ቅርጽ ከኦስትሪያ ወሰደና ሮም ላይ ማስመታት ጀመረ። አስቡት! ኢትዮጵያዊው በልቡ አምኖ ጎተራ ሥር የሚቀብረውን ገንዘብ፣ ሊገድለው የሚመጣው ሰው ራሱ ያመርተው ነበር። በ1928 ከገባ በኋላ ደግሞ ሊሬን ሊጭን ሞከረ፤ ገበሬው ወረቀቱን አላምንም ብሎ ብሩን ደበቀ። ያ እምቢታ እንደ አንድ ግንባር ይቆጠራል ባይ ነኝ።

በ1937 ዓ.ም. የራሳችን የወረቀት ብር ወጣ። በዚያ ኖት ላይ የፈረመው የመንግሥት ባንክ ገዥ አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ነው። ይሄን ስነግራችሁ ለማሳፈር አይደለም። ሰንደቁ በአንድ ቀን አልተሰቀለም፤ ፊርማችንን በራሳችን ገንዘብ ላይ ለማኖር እንኳ ጊዜ ወስዶብናል።

እሺ፣ አሁን ወደ ስልካችሁ እንመለስ።

ዕቁብን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ደብተር አለ። ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ዋስ ይጠራል። ጸሐፊው ቢያጭበረብር ቤቱ ይታወቃል፤ እናቱ ጋ ተሄዶ ይነገራል። ቢትኮይንን ለመረዳት ይሄን ዕቁብ ገልብጡት። በ2001 ዓ.ም. ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የሚጠራ፣ እስከ ዛሬ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ነው ያስጀመረው። ዳኛም ጸሐፊም የለውም። ደብተሩ በዓለም ዙሪያ በሺዎች በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገልብጧል፤ አንዱ ቢሰርዝ ሌሎቹ ያጋልጡታል። በየ10 ደቂቃው ገደማ አዲስ ገጽ ይጻፋል። ገጹን ለመጻፍ ኮምፒውተሮች ይወዳደራሉ፤ ያሸነፈው ለድካሙ አዲስ ቢትኮይን ይወስዳል። "ማይኒንግ" የሚሉት ይሄን ነው። ጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን አይበልጥም፤ ማንም መንግሥት ተነሥቶ ሊያትመው አይችልም።

እውነቱን እንነጋገር፣ ይሄ ድንቅ ሥራ ነው። ገንዘቡ ለቀለጠበት ሰው ደግሞ ይማርካል። ነገር ግን ዳኛ የለውም ማለት አቤት የሚባልበትም የለም ማለት ነው። የሚስጥር ቃላችሁን ከጠፋባችሁ ጠፋ። ለተሳሳተ አድራሻ ከላካችሁ ሄደ። የአገራችንም ሕግ ከኋላችሁ አይቆምም፤ ብሔራዊ ባንክ በ2014 በክሪፕቶ መገበያየት የተፈቀደ አይደለም ብሎ አሳውቋል። ስለዚህ የሸጠላችሁ ሰው ቢክዳችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ መጀመሪያ የምትከሱት ራሳችሁን ነው።

ደግሞ ከእናንተ ውስጥ ቢትኮይኑን በራሱ እጅ የያዘ ስንት ነው? አብዛኛው የአንድ የውጭ ኩባንያ አፕ ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ያ ማለት መዝገቡ ተመልሶ አንድ ሰው እጅ ገባ ማለት ነው። ኅዳር 2015 ላይ ኤፍቲኤክስ የሚባለው፣ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ የነበረ የመገበያያ ድርጅት በቀናት ውስጥ ሲወድቅ ያየነው ይሄንን ነው። የደንበኞች ገንዘብ አለ ሲባል የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ መጣሁ። በተግባር የኛ ልጆች የሚይዙት ቢትኮይን እንኳ አይደለም። ዩኤስዲቲ ነው። "ዶላር አለኝ" ስትሉኝ ብዙ ጊዜ እሱን ማለታችሁ ነው። ዩኤስዲቲ ቴዘር የሚባል የግል ኩባንያ የሚያወጣው፣ አንዱ በአንድ ዶላር ተመን የተሰካ ቶክን ነው። ኩባንያው ከፈለገ የአንድን አድራሻ ገንዘብ ማገድ ይችላል፤ በሕግ አስከባሪዎች ጥያቄ ብዙ ጊዜ አድርጎታል። እስቲ ይሄን ከማሪያ ቴሬዛ ጋር አስተያዩት። የሌላ አገር ገዥ መልክ፣ የኛን ጎተራ የሚያምነው፣ መምቻው ግን እኛ የማናውቀው ሰው እጅ ያለ። አያቶቻችን ቢያንስ ፈርጡን ይቆጥሩ ነበር። እናንተ ምኑን ትቆጥራላችሁ?

ኤል ሳልቫዶርን እንደ ምሳሌ የሚያነሱ ልጆች አሉ። በ2013 መጨረሻ ቢትኮይንን ሕጋዊ ገንዘቧ አደረገች፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያች አገር ቀድሞውኑ የራሷ ገንዘብ የላትም፣ በአሜሪካ ዶላር ነው የምትገበያየው። ሕዝቧም ብዙ አልተጠቀመበትም። ከአይኤምኤፍ ብድር ስትጠይቅ በ2017 ሕጉን አለሳልሳ ነጋዴው የመቀበል ግዴታው ቀረ። የራሱን ገንዘብ ያጣ አገር የሰው ይሞክራል፤ እኛ ግን ያለንን ጥለን ለምን እንሞክር?

"ታዲያ መንግሥት በያዘው መዝገብ እንተማመን" የምትሉኝ ካላችሁ፣ እሱም ላይ የምለው አለኝ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ወዲህ ብዙ ነገር ቀይሯል፣ አልክድም። ድሮ ወልዲያ ላለች አክስቴ ብር የምልከው በሹፌር ነበር፤ ዛሬ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይደርሳታል። ተጠቃሚው ከ50 ሚሊዮን አልፏል። በራሳችን ቋንቋ ይሠራል፣ ኢንተርኔት ባይኖርም በ*127# ይሠራል። በዚህ እኮራለሁ።

ነገር ግን። በጦርነቱ ጊዜ ትግራይ ውስጥ ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክ ጠፍቶ፣ ሰው የራሱን ደሞዝ፣ የራሱን ቁጠባ ማውጣት አቅቶት ነበር። በአማራ ክልል ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጧል። ይሄን ሳነሣ ፊታችሁ ላይ የሚጠቁር ነገር አያለሁ። "ይሄ ፖለቲካ ነው" ትሉ ይሆናል። እኔ የማወራው ስለ እናት ነው። መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ገንዘቧ የማትነካው ቁጥር የሆነባት እናት ኢትዮጵያዊት ናት። አገር እንወዳለን የምንል ሰዎች የትኛዋ እናት እንደሆነች መርጠን ካዘንን ሌላ ነገር ነን። ስለዚህ "ሁሉም ነገር ዲጂታል ይሁን፣ ወረቀቱ ይቅር" የሚለውን ሩጫ በጭብጨባ ብቻ አታሳልፉት። ማን፣ በምን ሕግ፣ ለስንት ቀን ሊዘጋው እንደሚችል ጠይቁ። ይሄን መጠየቅ አገር መጥላት አይደለም።

ስለ መብራቱም ልበል፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ቻይና በ2013 ማይኒንግን ስትከለክል ማሽኖቹ ርካሽ መብራት ፍለጋ ተሰደዱ። ከመጡባቸው አገሮች አንዷ የኛ ናት። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ20 በላይ ለሚሆኑ፣ አብዛኞቹ የቻይና ለሆኑ ኩባንያዎች ኃይል በዶላር ሲሸጥ ቆይቷል፤ ዋጋው በኪሎዋት ሰዓት ከ3 የአሜሪካ ሳንቲም ትንሽ ከፍ ይል ነበር። በኋላ አዲስ ጠያቂ መቀበል ማቆሙን ተናግሯል።

እኔ "ባንዳነት ነው!" ብዬ አልጮህም። ነገሩ ሁለት ጎን አለው። ኃይሉ ተመርቶ የሚያደርሰው መስመር ካልተዘረጋ ውኃው ዝም ብሎ ይፈሳል፤ ዶላሩም ለነዳጅና ለመድኃኒት ያስፈልጋል። ግን ይሄን አስቡት። እኛ 8100 ላይ መልእክት እየላክን፣ ቦንድ እየገዛን፣ የወር ደሞዝ እየሰጠን ያደግን ልጆች ነን። የአገራችን ሕዝብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ዛሬም መብራት የለውም። በመብራታችን የተጻፈው ገጽ ሽልማት ደግሞ፣ ቢትኮይኑ፣ ኩዋንያው ባለበት አገር ነው የሚቆጠረው። እኛ የምናገኘው የመብራት ሒሳብ ነው። ቡናውን ጥሬውን ሸጠን የተቆላውን በውድ እንደምንገዛው ዓይነት። መስመሩ መቼ ገጠር ይደርሳል? ከኩባንያዎቹ የሚገኘው ዶላር ለመስመር ዝርጋታ ይውላል ወይ? እነዚህን በጨዋ ቋንቋ፣ በጽሑፍ፣ ደጋግመን መጠየቅ አለብን። ፔጃችን ላይ በየቀኑ ከምንለጥፈው ስድብ ይሄ ይሻላል። (አስተዳዳሪዎቹ ይሄንን እንዳትቆርጡብኝ!)

የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይመስላችኋል፣ ለኔ ግን ትልቅ ነው። እናቶቻችሁ የሚስጥር ቁጥራቸውን የት ነው የሚያስቀምጡት? የኔ አክስት በወረቀት ጽፋ መሀረቧ ጫፍ ላይ ቋጥራ ነው የምትይዘው። ብር ሲመጣላት ስልኩንም ቁጥሩንም ለሱቁ ልጅ ትሰጠዋለች፤ "ልጄ፣ እስቲ እየው" ትለዋለች። እግዚአብሔር ይስጠው ልጁ ደግ ነው። ሁሉም ሱቅ ግን ደግ ልጅ የለውም። "ከባንክ ነው የምንደውለው፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩን" ብለው የሚደውሉት ሌቦች የሚያጠምዱት እኮ እናንተን አይደለም፤ እሷን ነው። መዝገቡ ማን እጅ ነው ስንል፣ የሷ መዝገብ ዛሬ የሱቁ ልጅ እጅ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ስትወጡ የምለምናችሁ ይሄ ነው። እያንዳንዳችሁ በዚህ ሳምንት ሦስት እናቶች ጋ ሂዱ። ቁጭ በሉ፣ አትቸኩሉ፣ "ይሄ እኮ ቀላል ነው" እያላችሁ አታሳፍሯቸው። የሚስጥር ቁጥራቸውን ራሳቸው መርጠው ራሳቸው ይቀይሩት፤ እናንተ ፊታችሁን አዙሩ። የደረሳቸውን መልእክት አብራችሁ አንብቡ፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ተቆረጠ። ስልክ ለሚደውል ሰው ቁጥር እንዳይሰጡ ንገሯቸው፤ ደውሎ የሚጠይቀው እኔ ነኝ ብሎ ልጃቸው ቢሆን እንኳ።

ኮድ የምትጽፉ ልጆች ደግሞ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ሁለቱን በዓይኔ እያየሁ ነው። አንድ የዕቁብ ደብተር ሥሩልን። በፊደላችን፣ ለትንሽ ስልክ የሚሆን፣ ኔትወርክ ሲጠፋም የሚከፈት፣ አባላቱ ሁሉ እኩል የሚያዩት። ገንዘብ አይዝም፤ ማን ስንት እንደጣለና ዕጣው ለማን እንደወጣ ብቻ ይመዝግብ። ፊደላችን በዓለም የኮምፒውተር ሥርዓት በዩኒኮድ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ነው፤ ቁልፉ ከተሰጠን ሩብ ምዕት ዓመት ሆኖናል። በሚቀጥለው ስብሰባ የጀመራችሁትን፣ ጎደሎም ቢሆን፣ አምጡና እንየው።

እኔ ጨርሻለሁ። ከኋላ እጁን ያወጣው ልጅ፣ አዎ አንተ፣ ዩኤስዲቲ የምትሸጠው፤ ተቆጥተሃል መሰለኝ፣ ከአንተ እንጀምር። ይሄን ከስልክ የምታነቡ ደግሞ ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ እመልሳለሁ።